ፋብሪካው ሲዘጋ ሒሳብሽን አስልተሽ ውጪ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች፣ ስሙኝማ። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር 2014 እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ የግብር እፎይታውም ሆነ ከቀረጥ ነፃው አላስቀረውም። ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ አስወጣችን። እኔ በሌላ ሼድ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ።

ወሬው እንደተሰማ ውልሽንና የደመወዝ ወረቀትሽን በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ባጅሽን ከመለስሽ በኋላ ዘበኛው አያስገባሽም። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ፣ ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) የፈለገውን ያህል ቢለሳለስ፣ አትፈርሚ። ከአምስት ዓመት በታች ሠርታ በፈቃዷ የለቀቀች ሠራተኛ በአብዛኛው የስንብት ክፍያ አታገኝም።

አሁን የስንብት ክፍያውን ስሌት ያዢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይሰጥሻል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ የ60 ቀን ካሳ ይጨመራል። ደመወዝሽ 1,500 ብር፣ አገልግሎትሽ ሦስት ዓመት ነው እንበል፦ 1,500 ሲደመር 1,000፣ ሲደመር 3,000፤ በጠቅላላው 5,500 ብር ገደማ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡሽ ካሰናበቱሽ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ክፍያም ጠይቂ።

ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካልከፈሉ ስድስት ወር ሳይሞላ ክሰሺ፤ ከዚያ በኋላ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያግድሻል። የሥራ ልምድ ወረቀቱን ግን ከመውጣትሽ በፊት ማኅተም አስመትተሽ ተቀበይ፤ ቢሮው ከተዘጋ ማኅተሙን ከማን ታገኚዋለሽ?