«ይሠራል እኮ ጋሼ!» የተባለ ስቴሪዮ ቤት ገብቶ ሲያስቸግር

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ስቴሪዮ አንድም አዲስ ዕቃ የለበትም። አምፕሊፋየሩን፣ ድምፅ ማጉያውን ማለቴ ነው፣ ከቆራሌ ገዛሁት። ስፒከሮቹ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ዕቃ ሲሸጡ የተገኙ ናቸው። ሸክላ ማጫወቻው አጎቴ ቤት፣ አልጋ ሥር ነበር። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አልሞላም። ግን ጤነኛ ሆኖ ቤት የገባ አንድም አልነበረም።

ቆራሌው «ይሠራል እኮ ጋሼ!» ሲለኝ አልዋሸኝም ነበር። ከነዚህ ዕቃዎች ጋር ስታገል እንደገባኝ፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚጣለው ብዙው ወይ ቆሽሿል፣ ወይ በስህተት ተገናኝቷል፣ ወይ መብራታችን ጎድቶታል። ስለዚህ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

«ሰካሁት፣ ሸተተኝ፣ ዝም አለ»

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ዕቃ 100 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ 120። «ሶኒ ነው፣ ፓዮኒር ነው» ተብሎ የመጣ ሁሉ ለእኛ ሶኬት አልተሠራም።

ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ላይ በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ወደ 220 ወይም 240 አዙሩት። መምረጫ ከሌለው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። የትራንስፎርመሩ ዋት ዕቃው ጀርባ ላይ ከተጻፈው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለጢም መላጫ የሚሆነውን ትንሿን አትመኑ።

አንዴ ተሰክቶ ዝም ካለ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቀይሩት። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀጠል የቆየ የሰፈር ዘዴ ነው። ቤት ማቃጠያም ነው። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ችግሩ ውስጥ ነውና ለባለሙያ ተዉት። ጎበዝ ባለሙያ ዕቃውን በቀጥታ አይሰካውም። የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል በመሀል ገመዱ ላይ ይቀጥላል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ እንደበራ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሶኬቱ ቢነቀልም አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ክዳን ከፍቶ ወዲያው እጅ መስደድ የለም።

«መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም»

ይቺ እኔን አዋርዳኛለች። ሁለት ሳምንት ታገልኩ። በመጨረሻ አምፕሊፋየሩን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ መርካቶ ወሰድኩት። ሽማግሌው ባለሙያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊቱን አዩት። ክዳኑን እንኳ አልከፈቱም። በአውራ ጣታቸው አንዲት ቁልፍ ጫን አደረጉ። ሙዚቃው ለቀቀ። «ልጄ፣ ቁልፍ ለመጫንማ ገንዘብ አልቀበልም» አሉኝ።

ቁልፏ «ቴፕ ሞኒተር» ትባላለች። ተጭና ከቀረች አምፕሊፋየሩ ከቴፕ ዴክ፣ ማለትም ከካሴት ማጫወቻ፣ ድምፅ ይጠብቃል። ዴክ ከሌለ ዝም ነው። «ስፒከር ኤ» እና «ስፒከር ቢ» የሚለውም ስፒከራችሁ የታሰረበት ላይ መሆኑን እዩ። ጀርባው ላይ «ፕሪ አውት» እና «ሜን ኢን» የሚሉ ቀዳዳዎች ካሉት በመካከላቸው ትንንሽ የብረት ማገናኛዎች መኖር አለባቸው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይጠፋሉ። በአጭር ገመድ መተካት ይቻላል።

ሌላም ምልክት አለ። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ከተከፈቱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጣቸው «ጠቅ» ይላል። ስፒከሩን የሚጠብቀው ሪሌይ ነው። ድሮ ጠቅ ይል የነበረው ዛሬ ካላለ መጀመሪያ የስፒከር ሽቦዎቹን እዩ። አንዲት ክር አፈንግጣ ሌላኛውን ነክታ ይሆናል። ሽቦዎቹን ሙሉ በሙሉ ነቅላችሁም ጠቅ ካላለ ውስጡ የተበላሸ ነገር አለ፤ ባለሙያ ይየው።

«ድምፁን ስጨምር ይንኳኳል፣ ይንጫጫል»

አቧራ ነው። የኮዬን የበጋ አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የድምፅ መጨመሪያው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ግዙ። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ቆይታችሁ፣ በመጨመሪያው ቀዳዳ ትንሽ ርጩ። ከዚያ ከጫፍ ጫፍ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ አዙሩት። ባስና ትሬብሉንም፣ ቁልፎቹንም እንደዚያው። እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ክፈቱት። ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት እንዳትጠቀሙ፤ አቧራውን መልሶ ይሰበስባል።

«አንዱ ወገን አይሰማም»

ስፒከሩን ከመርገማችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፉና የግራና የቀኙን የስፒከር ሽቦ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከሄደ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከዚያ በፊት ካለው ነው። እዚያው ከቀረ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ነው። ከአምፕሊፋየሩ ወገን ከሆነ ደግሞ ከስልኩ ወይም ከማጫወቻው የሚመጣውን ገመድ በዚያው መንገድ አቀያይሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ስንቱ ደህና ስፒከር ሳይሞከር ተጥሏል መሰላችሁ።

ስፒከሩን ለማረጋገጥ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኦም ላይ አድርጉና ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ገደማ ያሳያል፣ ባለ 4ቱ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ። ምንም ካላሳየ ወይ ኮይሉ (ስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይ ሽቦው ተበጥሷል።

«ባሱ ሲመታ ስፒከሩ ይፍጨረጨራል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለስቴሪዮ ካሰባችሁት ገንዘብ ግማሹን ስፒከር ላይ አውሉት ባይ ነኝ። መናኛ ስፒከርን ምርጥ አምፕሊፋየር አያድነውም። ጥሩ ያገለገለ ስፒከር በርካሽ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚህ በሽታ ምክንያት ነው።

ጨርቁን አንሱና የባሱን ወረቀት ዳር እዩ። ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ክብ ቀለበት አለ። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ሳይጫወትም ቢሆን በዕድሜው ይበሰብሳል። የኔዎቹን በጣቴ ነካ ሳደርጋቸው እንደ አሮጌ ኬክ ፍርፍር አሉ፤ ጣቴ ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ዱቄት ቀረ። ሻጩ ሳያውቅ ነው በርካሽ የሰጠኝ። እኔ አውቄ ነው የገዛሁት። ቀለበቱ ከጎማ ወይም ከጨርቅ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

መፍትሄው ቀለበቱን ብቻ መቀየር ነው። የወረቀቱን ዲያሜትር በሚሊሜትር ለክታችሁ ልክ የሆነውን አስመጡ ወይም ፈልጉ። አሮጌውን በአልኮል አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። አዲሱን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ለጥፉ፣ ይድረቅ። ከዚያ ከብረቱ ጋር ስታጣብቁ ወረቀቱ መሀል ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል ይዛችሁ ወደ ውስጥ ገፋ፣ መለስ አድርጉ፤ ጆሯችሁን አስጠጉ። ክርር ካለ ኮይሉ እየነካ ነው፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ አስተካክሉት። ዝም ካለ ተሳካላችሁ።

ስትገዙም ይህንኑ የጣት ፈተና ሻጩ ፊት አድርጉ። ቀለበቱ ደህና ሆኖ ክርር የሚል ስፒከር ተቃጥሎ የሚያውቅ ሊሆን ይችላልና ተዉት።

«ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ባስ ግን የለም»

ከሁለቱ አንዱ ተገላቢጦሽ ታስሯል። አንደኛው ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ሌላኛው ወደ ኋላ ይስባል፣ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አስተካክሉ። ቀለሙ ከጠፋ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። የባትሪው ፕላስ ከስፒከሩ ፕላስ ጋር ሲገጥም ወረቀቱ ወደ ፊት ይወጣል።

«ሁልጊዜ እምምም የሚል ድምፅ አለ»

ድምፁን ዜሮ ስታደርጉ ከጠፋ ከገመድ ነው። የመጣው ሸክላ ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ፣ ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የመሬት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር አልታሰረችም። ቴሌቪዥን ካያያዛችሁ ደግሞ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉና ስሙ። እኔ ቤት ጥፋተኛው እሱ ነበር። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት ማከፋፈያ አገናኙ። የመሬቱን እግር ግን እንዳትቆርጡ።

ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖም እምምም የሚል ከሆነ የአምፕሊፋየሩ ካፓሲተሮች አርጅተው ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ይቀይራቸዋል።

«ቀን ደህና ነው፣ ማታ ይቆራረጣል»

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ብሎኩ ውስጥ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፕሊፋየሩም አቅሙ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ድምፁ አነሰ ብለን እንጨምራለን። ያኔ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ቀድማ የምትቃጠለውም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተሯ ናት። ሲሰነጣጠቅ ቀንሱ። ስታቢላይዘር ይረዳል። መብራት ሲሄድ ግን ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመጣው።

«ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል»

ሸክላው ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ሳህኑ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፣ በስልክ ሦስት ደቂቃ ያዙና ዙሩን ቁጠሩ። በ33⅓ ፍጥነት በትክክል 100 ዙር መሆን አለበት። 95፣ 96 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ሞተሩን ከሳህኑ የሚያያይዘው ላስቲክ ላልቷል፣ ቀይሩት። 83 ላይ ከቆመ ግን ማጫወቻው ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይለውጥም። መፍትሄው የሞተሩን መዘውር ለ50 ኸርዝ በተሠራው መቀየር ነው።

ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ከሆነ «ፎኖ» የሚለው ላይ ሰኩት። ስልክ ግን እዚያ አይሰካም፣ «ኦክስ» ላይ ነው።

«ሁሉም ይሠራል፣ ግን አያምርም»

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ብሎኬት፣ ሴራሚክና መስታወት ነው። ድምፁ ይጋጫል፣ ያስተጋባል። መጅሊስና ምንጣፍ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው። ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ወፍራም ጋቢ ስቀሉና ልዩነቱን ስሙ። ስፒከሮቹን ከቡፌው ላይ አውርዱ። ትዊተሩ በተቀመጣችሁበት የጆሯችሁ ቁመት ላይ ይሁን።

ትልቁ ስህተት ማዕዘን ውስጥ መወሸቅ ነው። ማዕዘን ባሱን ያሳብጠዋል፣ ሁሉም ዘፈን ከበሮ ብቻ ይሆናል። ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አምጧቸው። እኔ ባመጣሁ በሳምንቱ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ያንን ነገር ሸጥከው እንዴ?» አሉኝ። ማታውን ሁሉ ሸክላ ሳጫውት ነበር ያመሸሁት።