የመቃብርን ማንነት እንዴት እናንብብ?

በቀደምት መካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተቀበረን ሰው ማንነት ለማጥናት ሲነሡ፣ አብሮት ከተቀበረው ዕቃ አስቀድመው አጥንቱን ይመርምሩ። በስዊድን ቢርካ በ1878 እ.ኤ.አ. የተቆፈረው መቃብር ሰይፍ፣ ጦር፣ ፍላጻና ሁለት ፈረሶች ስለተገኙበት ብቻ ከመቶ ዓመት በላይ የወንድ ተዋጊ መቃብር ሲባል ኖሮ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የዘረ መል ምርመራ አጽሙ የሴት መሆኑን አሳየ፤ ይህ ስሕተት ከሟቿ ሕይወት ይልቅ የመርማሪዎቹን ግምት ይገልጻል።

እያንዳንዱ ዕቃ ከመነሣቱ በፊት ያረፈበትን ቦታ ይመዝግቡ፤ ትከሻ ላይ የተገኘ የካባ መያዣ ልብሱ እንዴት ይለበስ እንደነበር ይናገራልና።

ከሁሉ በላይ ግን «ጌጡ የፍራንኮች (የጀርመናውያን ነገድ) ስለሆነ ሟቹም ፍራንክ ነው» ከሚል ድምዳሜ መጠንቀቅ ይገባል። በ1653 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቤልጂየም ቱርኔ ላይ የተገኘው የፍራንኮች ንጉሥ ቺልደሪክ መቃብር፣ በቀይ ዕንቁ ያጌጠ ሰይፍን የሮማ ሹማምንት ከሚጠቀሙበት የወርቅ ካባ መያዣ ጋር አንድ ላይ ይዞ ነበር። የማኅተም ቀለበቱን ቅጂ ቀረብ ብለው ቢያዩት፣ በላቲን ከተጻፈው ስሙ ጋር ንጉሡ ረጅም ጸጉሩን በትከሻው ላይ ለቆ፣ ጦር ጨብጦና የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ ይታያል፤ የፍራንክም የሮማም ማንነት የራሱ ነበሩ።

ሟቹ ከሌላ አገር መምጣቱን ከጠረጠሩ የጥርሱን ኢናሜል (ጠንካራውን የላይ ሽፋን) በስትሮንቲየም፣ ማለትም ከአፈር በምግብና በውኃ አልፎ ጥርስ ውስጥ በሚቀር ንጥረ ነገር፣ ያስመርምሩ፤ ውጤቱ በልጅነቱ ያደገበትን ምድር ይጠቁማል እንጂ ራሱን ማን ብሎ ይጠራ እንደነበር አይነግርም።