ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ባቢሌ የመኪና ጉዞን ማቀድ

ከድሬዳዋ ወደ ባቢሌ የሚጓዝ ሰው ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ቢነሣ ይመረጣል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተሩ በቀላሉ ስለሚግል፣ የራዲያተር ውኃንና ፍሬንን አስቀድሞ መፈተሽ ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው ሥራ ነው። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመንገድ ላይ ሐሮማያንና የጫት ገበያዋ መተላለፊያውን የሚያጨናንቀውን አወዳይን ያልፋሉ። ከሐረር ለሚነሣ ግን በጅግጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በባቢሌ ለውዝ ይግዙ፤ የአካባቢው ምርት በእውነት ጣፋጭ ነው። ከከተማዋ ባሻገር በዳካታ ሸለቆ ተደራርበው የቆሙትን አስደናቂ ድንጋዮች በእርጋታ ለማየት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይመድቡ፤ የመንገዱንም ጸጥታ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲመለሱ የደንገጎን ቁልቁለት ሳይመሽ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።