የማሽላን ድርቅ የመቋቋም ዘረመል ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማሽላ ጂኖም፣ ማለትም የተክሉ ሙሉ የዘረመል መረጃ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ተነብቦ ይፋ ከሆነ ወዲህ ድርቅ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በዘረመል መፈለግ ከቀድሞው በጣም ቀሏል። ይሁን እንጂ ውጤትን የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ናሙናው ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ነው። ለዚህ ሙያ አዲስ የሆኑ ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው እንዲያውቁልኝ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ድርቅ»ን በደፈናው መውሰድ ነው። ቡቃያው ገና መሬት ሳይዝ የሚደርስበት የውሃ እጥረትና ዝናቡ ቀድሞ ወጥቶ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ የሚደርሰው እጥረት አንድ አይደሉም። አንዱን የቻለ ዝርያ ሌላውን ላይችል ይችላል። ስለዚህ ጥናቱን ከመንደፍዎ በፊት አካባቢው ላይ ውሃ የሚያጥረው ሰብሉ በየትኛው ዕድገት ላይ ሳለ እንደሆነ ከዝናብ መዝገብና ከገበሬው ይጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው፣ ቀድሞ መድረስን ድርቅ ከመቻል ጋር ማምታታት ነው። የሚያዝያው ዝናብ የቀረበት ገበሬ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ ትቶ በሐምሌ ፈጥኖ ደራሹን ይዘራል። ፈጥኖ ደራሹ ከድርቁ ያመልጣል እንጂ ድርቁን አይችልም። በጥናትዎ ያሉት ዝርያዎች የሚያብቡበት ቀን እጅግ የተራራቀ ከሆነ፣ ጠባይን ከጂን ጋር የሚያያይዘው ትንተና «የድርቅ ጂን» ብሎ የሚያሳይዎት የአበባ ጊዜን የሚወስን ጂን ሊሆን ይችላል። የማበቢያ ቀንን መመዝገብ ወጪ የለውም፤ ሳይመዘግቡ ቀርተው ግን በኋላ የሚጠግኑበት መንገድ የለም።

ሦስተኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከእኛው ማሽላ ጋር የተያያዘ ነው። ቢ35 የሚባለውና በአሜሪካና በአውስትራሊያ የማሽላ ማሻሻያ ሥራ ላይ የዋለው የምርምር ዝርያ ዘሩ ዱራ ከሚባለው የማሽላ ዓይነት፣ ከኢትዮጵያው፣ ይመዘዛል። መታወቂያው ከአበባ በኋላ ውሃ ሲያጥር ቅጠሉ ሳይደርቅ ለምለም ሆኖ መቆየቱ ነው። ለዚህ ጠባይ አስተዋጽኦ ያላቸው አራት የጂኖም ክፍሎች፣ ከኤስቲጂ1 እስከ ኤስቲጂ4፣ በስፋት ተጠንተዋል። ብዙዎች ታዲያ ልምላሜውን ራሱን የችሎታው ምንጭ ያደርጉታል። የሜዳ ጥናቶች ያሳዩት ግን ሌላ ነው፦ እነዚህ ክፍሎች ያሉት ተክል ከሥሩ የሚያወጣቸው ተጨማሪ አገዳዎች ያንሳሉ፣ ጠቅላላ የቅጠሉ ስፋትም ይቀንሳል፤ በዚህም ከአበባ በፊት የቆጠበው የአፈር ውሃ ፍሬ ሲሞላ ይደርስለታል። አንድ ወጥመድም አለ። ፍሬ ያልያዘ ማሽላ ከቅጠሉ ወደ ፍሬው የሚሄድ ምግብ ስለሌለው እንዲሁ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ልምላሜን ብቻ መዝግቦ የፍሬውን ክብደት የተወ ሰው መካኑን ተክል ሊሸልም ነው። የገበሬው ጎተራ የሚሞላው በፍሬ ነው፤ የእኛም መለኪያ ፍሬ መሆን አለበት።

በትንሽ ዕቃ ውስጥ ተክሎ ውሃ መከልከልም የተለመደ ጥፋት ነው። በማሳ ላይ አፈሩ የሚደርቀው በሳምንታት ነው፤ በትንሽ ዕቃ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ጥልቅ ሥር ያለው ዝርያ ሥሩን የሚሰድበት ቦታ አያገኝም። ቅጠለ ሰፊው ደግሞ የዕቃውን ውሃ ቶሎ ስለሚጨርስ ቀድሞ ይጠወልጋል፤ ደካማ መስሎ ይመዘገባል። በዕቃ መሥራት ግድ ከሆነ ዕቃውን በየቀኑ እየመዘኑ የአፈሩን እርጥበት ለሁሉም እኩል ያድርጉ።

ጂኖች ሲነቁና ሲያንቀላፉ ለማየት ቅጠል የሚሰበስቡ ከሆነ ሰዓቱን ይጠብቁ። ብዙ የተክል ጂኖች በቀንና በሌሊት ዑደት ይመራሉ፤ ውሃ ያገኙትን ጠዋት፣ የተጠሙትን ከሰዓት ቆርጦ ማነጻጸር ድርቁን ሳይሆን ፀሐይን መለካት ነው። ቅጠሉ በእርግጥ መጠማቱንም ያረጋግጡ። እንደቆረጡ ይመዝኑት፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው እስኪጠግብ ጠብቀው ይመዝኑት፣ በመጨረሻም በምድጃ አድርቀው ይመዝኑት። ከሦስቱ ክብደቶች የቅጠሉ የውሃ ይዞታ በመቶኛ ይወጣል። ይህ ቁጥር የሌለው የጂን መረጃ ምን ያህል የተጠማ ተክል እንደሚገልጽ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የደጋና የቆላ ማሽላዎችን ቀላቅሎ ሲተነትኑ በዘር ሐረግ መለያየታቸውን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ሁለቱን የሚለየው ነገር ሁሉ «ድርቅ» ተብሎ ይወጣል።

የመጨረሻው ስህተት፣ አንዱን ማመሳከሪያ ጂኖም፣ ማለትም የሌሎች ዝርያዎች ንባብ የሚነጻጸርበትን ጂኖም፣ የሰብሉ ሁሉ ጂኖም አድርጎ ማየት ነው። በሩዝ የሆነው ጥሩ ትምህርት ነው። ሩዝ በጎርፍ ተውጦ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ የሚያስችለው ሰብ1ኤ የተባለው ጂን በ2006 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ የተገኘው ከሕንድ ኦዲሻ ግዛት በተወሰደ ነባር ዝርያ ነው። ማመሳከሪያ በሆነው የጃፓኑ ኒፖንባሬ ጂኖም ውስጥ ግን ጂኑ ጭራሹኑ የለም። የገበሬ ማሽላዎቻችንን ስናነብም ከማመሳከሪያው ጋር አልገጠመም ተብሎ ኮምፒውተሩ ወደ ጎን የሚያስቀምጠውን የዲኤንኤ ንባብ መጣል የለብንም። ለብቻው ተገጣጥሞ ይመርመር፤ አቅም ከተገኘም ከነባር ዝርያዎቹ ጥቂቶቹ የየራሳቸው ሙሉ ጂኖም ይሠራላቸው።