ክረምቱን ቆሞ የከረመ ትራክተር አልነሳ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

አርሲ ላይ የስንዴ ዘር ሐምሌ አካባቢ ያልቅና ትራክተሩ ጥግ ይይዛል። ጥቅምት ላይ ለተጎታች ሲፈለግ ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ። ክረምቱ እርጥበቱን ትቶበት ሄዷል፣ የጥቅምት ጠዋት ደግሞ ብርዱን ጨምሮበታል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ትንሽ ነው፤ የምናተልቀው እኛው ነን።

የመጀመሪያው ስህተት ቁልፉን ጠምዝዞ አለመልቀቅ ነው። እኔ በዚህ አንድ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) አቃጥያለሁ። ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዙት። ካልተነሳ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫውን ሳያዩ ብሎን መፍታት አለ። ሞተሩ እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቀጣጠለም፤ ወይ ማሞቂያው አልሠራም፣ ወይ ባትሪው ደክሞ ሞተሩን እየጎተተ ነው የሚያዞረው። ዲዝል ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪ) የለውም፣ ናፍጣው የሚነደው ፒስተኑ አየሩን አፍኖ ሲያግለው ስለሆነ ዙሩ ከዘገየ ሙቀቱ አይበቃም። ጭስ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ ማጥፊያውን እዩ። አሮጌዎቹ ማሲ ፈርጉሰኖች የሚጠፉት እጀታ ተስቦ ነው። ገመዱ ክረምቱን ከዛገ እጀታውን ብትመልሱትም ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለው ማንሻ እንደተዘጋ ይቀራል። ስንቱ ሰው ለዚህች መካኒክ ጠርቶ ከፍሏል!

«መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ደህና ነው» የሚሉም አሉ። መብራት ጥቂት አምፒር ይበቃዋል፣ ሞተሪኖ በመቶ የሚቆጠር ይፈልጋል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ አድርጉት። የባትሪውን ጫፎች ስታጸዱ ከሻሲው ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ አትርሱ፣ ዝገቱ እዚያ ነው የሚደበቀው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ማርሹ ፎሌ (ዜሮ) ላይ መሆኑን እዩ።

አሁን ወደ ናፍጣው። ግማሽ ሆኖ በከረመ ሰልባትዮ (የናፍጣ ታንክ) ውስጥ እርጥብ አየር ሌሊት ሌሊት ጤዛ ይሠራል። ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ስህተቱ ይህን ውሃ ሳያፈሱ አዲስ ፊልትሮ መግጠም ነው፤ አዲሱም ወዲያው ይበላሻል። ከፊልትሮው ሥር ጥቁር አተላ ከወጣ በውሃና በናፍጣ መካከል የሚራቡ ተሕዋስያን ናቸው፣ ሰልባትዮውም መታጠብ አለበት። ፊልትሮ ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ፦ መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ፣ ከዚያ ፖምፓው ላይ፣ መጨረሻ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኢንጀክተሮች ጋ። የእጅ ፓምፑ ማንሻ ላልቶ ምንም ካልገፋ ተበላሸ አትበሉ፤ ሞተሩን ትንሽ አዙራችሁ እንደገና ሞክሩት። ኢንጀክተር ጋ ሲደረስ እጅ ይራቅ። ከ100 ባር በላይ የሆነ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ኤተር (ሞተር ማስነሻ ስፕሬይ) መንፋትን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ አየር ማስገቢያው ላይ ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ በፍጹም። ይፈነዳል።

በጣም የሚያስከፍለው ግን ምክንያቱን ሳያውቁ በሌላ ትራክተር ጎትቶ ማስነሳት ነው። ወደ ላይ የቆመ ጭስ ማውጫ ክዳን ከሌለው የክረምት ዝናብ በቀጥታ ይወርድበታል። አንዱ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቆሞ ከሆነ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ስትጎትቱት ፒስተኑ ውሃውን ይገጭና ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የሞተር ማውረድ ነው። ሞተሪኖው «ጧ» ብሎ ቀጥ ካለ በቃ፣ ቁልፉን ልቀቁ። ኢንጀክተሮቹን አውጡና ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ውሃ ካለ በቀዳዳው ይወጣል። ከዚያ ዘይቱን ሳትቀይሩ አታስነሱ፣ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ሊሆን ይችላልና።

እኔ አሁን ሐምሌ ላይ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ባዶ ጣሳ እደፋለሁ፣ በሽቦም አስረዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት ታዲያ ጣሳውን ሳላነሳ ግማሽ ቀን ባትሪ ስወቅስ ዋልኩ።