ጆሮ ሳይሰማ ምላስን ማስጨነቅ፦ የእንግሊዝኛ አነጋገር ስንማር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት በገባ ቁጥር ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ ልጆች እንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይገባሉ። ተማሪውም መምህሩም ይደክማሉ፤ አነጋገሩ ግን ፈቀቅ አይልም። በአብዛኛው የሚያስቸግረው ጆሮ ነው፤ በቅጡ ያልተሰማ ድምፅ በቅጡ አይነገርም።

የመጀመሪያው ስህተት በአፍ መጀመር ነው። የእንግሊዝኛውን «th» ለማስተማር «ምላስህን በጥርሶችህ መሃል አድርገህ ትንፋሽ አውጣ» ይባላል። ልጁ እሺ ብሎ ያደርገዋል፤ ወዲያው ማውራት ሲጀምር ግን ድምፁ ተመልሶ «ሰ» ይሆናል። «ማሰብ» (think) እና «መስመጥ» (sink) የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ለሱ ጆሮ አንድ ናቸውና። ይህ ስንፍና አይደለም። ሕፃን ገና ዓመት ሳይሞላው ጆሮው ለቤቱ ቋንቋ ይቃኛል፤ ከዚያ ወዲያ ባዕድ ድምፅ ሲሰማ ከሚያውቀው ጋር ይደርበዋል። የጎጃምን ጤፍ «ቴፍ» የሚለውን ፈረንጅ ልብ በሉ፤ «ጠ»ን ደጋግመን ብንልለትም እሱ የሚሰማው «ተ»ን ነው። እኛም በእንግሊዝኛ እንደዚያው ነን። ደስ የሚለው ግን ጆሮ ይሠለጥናል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት «ረ» እና «ለ» የሚምታቱባቸውን ጃፓናውያን በማዳመጥ ብቻ አሠልጥኖ ነበር፤ የአነጋገር ልምምድ ሳይሰጣቸው አነጋገራቸውም ተሻሻለ።

ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛውን በፊደላችን መጻፍ ነው። ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደብተሩ ጠርዝ ላይ መርከቡም (ship) «ሺፕ»፣ በጉም (sheep) «ሺፕ» ይሆናል። አማርኛ እዚያ ቦታ ያለው አንድ «ኢ» ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ተውጦ ይቀራል። ማታ ልጁ የሚያጠናው መምህሩ ያሉትን ሳይሆን ራሱ የጻፈውን ነው።

የመምህሩን ድምፅ ብቻ መስማትም ያሳስታል። ወንድ፣ ሴት፣ ፈጣን፣ ቀስ ያለ፣ ሁሉም ይሰማ፤ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሠለጠነ ጆሮ አዲስ ተናጋሪ ሲመጣ ይደናገራል።

ሬዲዮ ከፍቶ ሌላ ሥራ መሥራትን እንደ ልምምድ የሚቆጥሩም አሉ። ጆሮን የሚያሠለጥነው ለይቶ መመለስና መልሱን እዚያው ማወቅ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ይቀመጡ። አንዱ በስልኩ ድምፅ ካለው መዝገበ ቃላት «መርከብ»ን ወይም «በግ»ን ያሰማ፤ ሌላው ስክሪኑን ሳያይ ለመርከብ አንድ ጣት፣ ለበግ ሁለት ጣት ያውጣ። ከተሳሳተ ያንኑ ቃል ወዲያው ደግሞ ይስማው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መናገሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሌላው፣ ሁሉንም ተማሪ በአንድ ጆሮ መመዘን ነው። «መዝፈን» (sing) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ያለውን በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አማርኛ ተናጋሪው ለሁለት ከፍሎ «ን» እና «ግ» ያደርገዋል። በአዊ አገውኛ ግን ይህ ድምፅ ራሱን ችሎ አለ። ይህ ቋንቋ በሚነገርባቸው በእንጅባራና በዳንግላ የሚያስተምር ሰው ልጆቹን ከማረሙ በፊት በቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።