ለሆስፒታል የሚጠቅም የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሐሳብ በቡድን እንዴት ይፈልቃል?

መጀመሪያ ሰዎቹን ምረጡ። ሐኪምና የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻቸውን የሚያወጡት ሐሳብ ስክሪን ላይ ያምራል፤ ዋርድ ሲገባ ግን እንጃ። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ከተቻለም ታክሞ የዳነ ሰው ይኑር።

ቀጥሎ ኤአይን ለጊዜው እርሱት። እያንዳንዱ ሰው በዚህ ሳምንት ጊዜውን የበላውን ወይም ታካሚ ያጉላላውን አንድ ነገር ይጻፍ። «የሕክምና ጥራት ይሻሻል» የሚል ወረቀት ከመጣ መልሱት። የሚፈለገው «ማታ ተረኛ ሆኜ ስረከብ የ20 ታካሚ ማስታወሻ አንብቤ አልጨርስም» ዓይነቱ ነው። በነገራችን ላይ ከችግሮቹ ብዙዎቹ ፎርም በማሳጠር ብቻ ይፈታሉ። እነሱን ለይታችሁ ለሚመለከተው ስጡ።

አሁን ሐሳብ አመንጩ፤ በጽሑፍ ግን። ስፔሻሊስቱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው አንገቱን ነቅንቆ ዝም ይላል። 6 ሰዎች በ5 ደቂቃ ሦስት ሦስት ሐሳብ ጽፈው ወረቀቱን ለጎናቸው ያቀብሉ፤ ተቀባዩ የራሱን ሦስት ይጨምርበት። ወረቀቱ ዞሮ ሲያልቅ በግማሽ ሰዓት እስከ 108 ሐሳብ ይገኛል። አብዛኛው ይጣላል፣ ችግር የለውም።

ማጣራቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዳታው አለ ወይ? ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ማን ምን ያደርጋል? ቢሳሳትስ ማን ይጎዳል? ዳታው መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ምች ታካሚዎችን የሞት አደጋ እንዲተነብይ የተሠራ የኮምፒውተር ሞዴል፣ አስም ያለባቸው አደጋቸው ዝቅተኛ ነው የሚል ሕግ ከዳታው ተማረ። ዳታው አልዋሸም። አስም ያለበት ሰው ቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባና በደንብ ይታከም ስለነበር ነው የሚተርፈው። ሞዴሉን ያመነ ግን አስመኛውን ወደ ቤቱ ይሸኘው ነበር! እንዲህ ያለውን ጉድ የሚይዘው ዋርድ ውስጥ የሚውል ሰው ነው።

ማጣሪያውን ካለፉት ሐሳቦች አንዱን ብቻ ምረጡና ኃላፊ መድቡለት። ሲስተሙ ሲሠራም መጀመሪያ ውጤቱን ለሐኪሞቹ ሳያሳይ በጎን ይሞከር፤ ግምቱን በኋላ ከታካሚዎቹ ትክክለኛ ውጤት ጋር አስተያዩ። የወደቁትን ሐሳቦች ከነምክንያታቸው አስቀምጡ። «ዳታ የለም» ተብሎ የቀረው መዝገቡ ዲጂታል ሲሆን እንደገና ይታያል።